ከሀጃ አበባ ሥር የጎዘጎዝኩት ሳር

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስቴ አልሰማችም። የንስሐ አባቴም አልሰሙም፤ ሌላ ሌላውን ተናዝዤ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። አንተ የምታነበኝ ሰው ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ የምነግርህም ስለማላውቅህ ነው። ብታውቀኝ ኖሮ አልጽፍልህም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጥህ ታገሠኝ። ነገሩ ራሱ ከአጻጻፌ የባሰ ይጎረብጣል።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ዘበኛ ነኝ። በራፌ ላይ በዘይት ጣሳ የተከልኳት አንዲት ቁጥቋጦ አለችኝ። ሂቢስከስ ይሏታል። ሱዳኖች ለሻይ የሚያፈሉት ከርከዴ ዘመዷ ነው፤ እሷ ግን የምትተከለው ለአበባዋ ብቻ ነው። ይህ አገር የእሷ አይደለም። ውርጩ ቅጠሏን ያጠቁራል፣ ከውርጩ የተረፈውን ደረቁ ነፋስ ይጨርሰዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቅፌ ወደ ቤት አስገባታለሁ፣ ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ አወጣታለሁ። ውሃዋን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ። በነፋሱ በኩል ጆንያ እሰቅልላታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳደርግ አንድ አበባ አላየሁም። ጎረቤቶቼ «ልጅ የወለደ እንኳ እንዲህ አይሆን» እያሉ ይስቁብኛል። ሚስቴ ጠይቃኛለች። የካርቱም ማስታወሻዬ ናት አልኳት። ዋሸኋት ማለት አይቻልም። እውነቱን ነገርኳት ማለትም አይቻልም።

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የምሠራበት የአንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ቤት ነበር። ሀጃ እንላት ነበር፣ እኔም ሀጃ እላታለሁ። እኔ አትክልተኛ አልነበርኩም። ሥራዬ ሙከይፍ ማጽዳት ነበር። ሙከይፍ ካላየህ ልንገርህ፤ መስኮት ላይ የሚሰቀል ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ሳር ተጠቅጥቆበታል፣ ሳሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ውስጥ ያለው ማራገቢያ በእርጥቡ ሳር በኩል ነፋስ ስቦ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ውሃው ይተናል። ጨው ይቀራል። ከአንድ በጋ በኋላ ሳሩን ስታወጣው ነጭ ቅርፊት ለብሶ፣ ደርቆ፣ እንደ አጥንት ነው የሚሰበረው። ሙያውን ያስተማረኝ፣ ጀብራ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሚኖር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ይኼን ሳር ዛፍ ሥር እንዳትጥል። እንኳን አበባ የኒም ዛፍ ያደርቃል» ብሎኛል።

እንግዲህ አውቅ ነበር። ይህን ያዝልኝ። ወደ ኋላ ላይ ትፈልገዋለህ።

የቤቱ አትክልተኛ ጋሽ ይመር ይባሉ ነበር። የወሎ ደገኛ ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል። ሀጃ ቤት የኖሩበትን ዘመን ራሳቸውም በትክክል አያውቁትም። በሩ አጠገብ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። የመኖሪያ ወረቀታቸው፣ ኢቃማ የሚባለው፣ በሀጃ ዋስትና ነበር የሚታደሰው። በተሰበረ የሸክላ ንጣፍ ላይ የየተክሉን ስም በቀለም እየጻፉ እግሩ ሥር ይተክሉ ነበር። እኔ ማንበብ እንደማልችል ስላወቁ እያለፍኩ ሳለ ጠርተው ያነቡልኛል። «ይቺ ‹ሎ› ናት። አየህ? ይቺ ደግሞ ‹ሚ›። ሎሚ። ያላ፣ አንተ በል!» እኔ ሥራ አለብኝ እያልኩ አልፍ ነበር። ምን ያደርግልኛል ፊደል? መሰላል ላይ ለሚውል ሰው ፊደል ምኑ ነው? እንዲህ ነበር የማስበው።

ሂቢስከሷን ከጁባ ያመጣት የሀጃ ሟች ባል ነው። መዳፍ የምታክል ቀይ አበባ ታወጣለች፣ አንዱ አበባ የሚቆየው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ሀጃ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ትወጣና ማንንም ሳታናግር የዕለቱን አበባ ትቆጥራለች። ከዚያ ነው «ሰባሕ አልኸይር» ብላ እንደምን አደራችሁ የምትለን። ከቤቱ ሁሉ ነፍስ ያላት ይቺ ቁጥቋጦ ነበረች ብል አላበዛሁም።

የካርቱም ክረምት፣ ሺታ የሚሉት፣ ለደገኛ ቀልድ ነው። ለእሷ ግን ቀልድ አልነበረም። ከሰሜን የሚመጣው ደረቅ ነፋስ እምቡጧን ያረግፈዋል። ጋሽ ይመር በዚያ ወራት እንደ አራስ ነበር የሚይዟት። ጆንያ በሰሜን በኩል፣ ረፋድ ላይ ብቻ ለብ ያለ ውሃ፣ መቀስ ማስነካት የለም። አሁን ደብረ ብርሃን የማደርገው ሁሉ ከእሳቸው ያየሁት ነው። በጎ ነገሬ ሁሉ የእሳቸው ነው። ሌላው የእኔ ነው።

ያኔ ሕዝቡ መንግሥት ላይ የተነሳበት ሺታ ነበር። የዳቦ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ልጆቹ እየጮኹ ያልፋሉ። ቡምባኑ፣ አስለቃሹ ጢስ፣ በሀጃ አጥር ላይ ተሻግሮ ይገባል። እኔ የማድረው ማዮ በሚባለው የድሆች ሰፈር፣ ከስድስት ሰው ጋር አንድ ክፍል ነበር። ወረቀት የለኝም። የውጭ ሰው እየለቀሙ የሚጭኑበት አፈሳ፣ ካሻ የምንለው፣ ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ሀጃ ደግሞ ዋስ መሆን የምችለው ለአንድ ሰው ነው ብላኛለች። ያ አንድ ሰው ጋሽ ይመር ነበሩ።

«እንግዲህ ለዚህ ነዋ» ልትለኝ ነው። አትበለኝ። ካሻ የያዘው ሐበሻ ስንትና ስንት ነው? ሁሉም ሽማግሌ ላይ እንዲህ አደረገ? አላደረገም። እኔ ነኝ ያደረግሁት። እውነተኛው ምክንያት ከወረቀቱ ያንሳል፤ ሳስበው የሚያሳፍረኝም ማነሱ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር ጉንፋን ይዟቸው ተኙ። ሀጃ አጠጣልኝ ብላኝ አመሻሽ ላይ ሂቢስከሷን አጠጣኋት። በማግስቱ ጋሽ ይመር ጭቃውን አይተው በሀጃ ፊት ጮኹብኝ። «ኧረ አንተ ቆለኛ! በዚህ ብርድ ማታ ውሃ? አንተን እግርህን ባልዲ ውስጥ ነክሬ ላሳድርህ? ቆለኛ ብርድ ምን ያውቃል!» ሀጃ ምን እያለ ነው አለች። በዐረብኛ ነገሯት። ባልዲው ጋ ስትደርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሳቸውም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ክፋት አልነበረበትም፣ ያን ጊዜም አውቀዋለሁ። ግን ያን ሳቅ ዋጥኩት፣ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ፣ ከዚያ የእሳቸውን ክፍልና ወረቀት እያየ ማደግ ጀመረ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሳምንቱ ጋሽ ይመር፣ «ደረቅ ሳር ካገኘህ አምጣልኝ፣ እግሯን ላልብሳት» አሉኝ። ከአራት ሙከይፍ ያወጣሁት አሮጌ ሳር ጣራው ላይ ነበረ። እንደ ሌላው ቀን ወስጄ ቆሻሻ ላይ መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩትም። እንዲያውም መረጥኩ። ስማኝ፤ መረጥኩ። ነጭ የበዛበትን ለየሁ። ላይ ላዩን ያለውን ቅርፊት አራግፌ ከውስጥ ያለው እንዲቀር አደረግሁ፣ እንዳይታወቅብኝ። ከምሳ በኋላ፣ ቤቱ ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት፣ በጆንያ አወረድኩትና ከሥሯ ዙሪያ ጎዘጎዝኩት። እኔ። በዚህ እጄ።

ጋሽ ይመር ከእንቅልፋቸው ሲነሱ አዩና፣ «ተባረክ ልጄ፣ አላስቸገርከኝም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ ምንም አላደረግሁም። አላስፈለገኝም። በየረፋዱ ለብ ያለውን ውሃ በሳሩ ላይ ያፈሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጨውን በጠብታ በጠብታ ያወረዱባት በገዛ እጃቸው ነው። እኔ አንድ ቀን በደልኳት፣ እሳቸውን ግን በየቀኑ እንዲበድሉ አደረግኳቸው። የትኛው ይከፋል? አንተ ፍረድ። እኔ ስፈርድ ከርሜአለሁ።

የቅጠሎቿ ዳር እሳት እንደላሰው ቡናማ ሆነ። እምቡጡ ሳይፈነዳ ይወድቃል። ጋሽ ይመር ጆንያውን ደረቡ። ቡምባኑ አቃጥሏት ይሆን አሉ፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠረጉ። በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው አጠገቧ ኩርሲ ላይ ይውሉ ጀመር። አንድ ቀን ዓይናቸውን አንስተው፣ «ምን ይሆን ያገኛት?» አሉኝ።

«ብርዱ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «የዘንድሮው ብርድ ልዩ ነው።»

ቃሉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እንደ ዱላ ተደገፉት። ሀጃ አንድ ጠዋት ብርጭቆዋን ይዛ ወጥታ የምትቆጥረው ስታጣ፣ «ይመር፣ ምን አደረግኻት?» አለች።

«ብርዱ ነው ሀጃ።»

«ብርድ ሱዳን የገባው ዛሬ ነው? በባሌም ጊዜ ብርድ ነበረ። አርጅተሃል ይመር፣ ዓይንህ አያይም።» ቀጥላ «ኸላስ» አለች። በቃ፣ ሥራህን ልቀቅ ማለቷ ነው። እኔ መሰላል ይዤ እዚያው ቆሜአለሁ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሳሩ ነው ማለት፣ ሁለት ቃል። አልወጣኝም። አልወጣኝም ማለትም ውሸት ነው፤ አላወጣሁትም።

የሄዱ ዕለት ፍራሻቸውን ተሸክሜ ረክሻው፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ደግ መስዬ። እሳቸው «ልሰናበታት» ብለው ወደ ግቢው ተመለሱ። ከአንድ ቅርንጫፏ ቆረጥ አድርገው በጨርቅ ጠቀለሉ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። አንዲት ሳር አነሱ፣ አገላበጧት፣ ወደ ከንፈራቸው አስጠጓት። ቀመሷት። ቀና ብለው አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ወደ ባዶ ክፍላቸው ገቡ፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን ቀደው ተቀምጠው ጻፉ። ረክሻ ነጂው ጥሩንባውን ይነፋል፣ እሳቸው ይጽፋሉ።

ካርቶኑን አጥፈው እጄ ላይ አደረጉ። «ማንበብ ለሚችል ሰው ስጥ። ዛሬውኑ አስነብብ፣ ነገ አትበል።» ከዚያ ደግሞ በዚያው አፋቸው፣ «ፊደል ቁጠር ብዬህ ነበር፣ እምቢ አልክ እንጂ አንተ ቆለኛ!» ብለው ጭንቅላቴን ነካ አድርገው ወደ ማዮ ሄዱ።

አላስነበብኩም። ካርቱም ውስጥ ማንበብ የሚችል ሐበሻ ጠፍቶ ነው? በየሻይ ቤቱ ሞልቷል። ግን ክሴ የተጻፈበት ነው አልኩ። የሚያነብልኝ ሁሉ ምስክር ሊሆንብኝ ነው አልኩ። ሙከይፉ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሸሸግሁት። የዚያኑ ዕለት ሀጃ ስትተኛ ሳሩን አንስቼ ጣልኩ። የጋሽ ይመርን ክፍል ወረስኩ። ኢቃማው በስሜ ተጀመረ። ሂቢስከሷ ትድናለች ብዬ ነበር፤ ሳሩ ተነስቷል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል? በብርድ ወራት ውሃ አይብዛ ሲሉ ስለሰማሁ ጥቂት ጥቂት አጠጣኋት። ወጣቶቹ ከጦር ሠራዊቱ ግቢ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀን ከሌት የሚዘምሩ ጊዜ እሷ እንጨት ሆናለች። ሀጃ አንዱን ቅርንጫፍ ያዘችው፣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይዋን ውስጥ ነው የምትጠጣው።

በዚህ ዕድሜው ፊደል ቆጠረ እያሉ የሚያመሰግኑኝ አሉ። ምስጋናቸውን ይውሰዱት። ፊደል የቆጠርኩት አንዲት ካርቶን ማንም ሳያነባት እንዳነባት ነው። መንግሥቱ ወርዶ፣ ሲቪሎቹና ወታደሮቹ አብረው እንገዛለን ባሉበት ዘመን፣ ጀብራ ውስጥ አንዲት ወጣት አስተማሪ ዓርብ ዓርብ ልጆች ታስተምር ነበር፤ እናታቸው ሐበሻ አባታቸው ሱዳን የሆኑ፣ አማርኛቸው የሚንተባተብ ልጆች። ከእነሱ ጋር ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። አንዷ ሰባት ዓመት የማይሞላት፣ «ያ ዓሞ፣ አንተ ስንት ዓመት ወደቅህ?» አለችኝ፤ ዓሞ አጎቴ ማለት ነው። ክፍሉ ሳቀ። ይህን ሳቅ አልቆጠርኩባትም። ቢያንስ ያን ያህል ተምሬአለሁ።

ዓመት ፈጀብኝ። ካርቶኑን ያወጣሁት በአንድ ከሰዓት ነው፣ በሩን ዘግቼ፣ ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እየጎተትኩ። እንዲህ ይላል፤

«ልጄ፣ ከሙከይፉ ያወጣኸው ሳር ጨው አለው። አንተ አላወቅህም። ብርድ እንዳይነካት ብለህ ነው፣ ልብህ ጥሩ ነው። አሁን እኔ ባነሳው ሀጃ ታያለች፤ ስትተኛ አንሳው። ከዚያ ሰባት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ውሃው ከሥሯ አልፎ እስኪፈስ ድረስ ብዙ አጠጣት። ጨው የሚወጣው በብዙ ውሃ ብቻ ነው። ጥቂት ውሃ ይገድላታል። ትድናለች፣ ሥሯ ደህና ነው። ለሀጃ ብርዱ ነው ብያታለሁ፣ እንዲያው በል። ሁለታችንም ከምንባረር አንዳችን ይሻላል። አንተ ወረቀት የለህም። ይመር።»

ክስ ነው ያልኩት መድኃኒት ነበር። ከዓመት በላይ ቆርቆሮ ሥር ደበቅሁት። እሷም በዚያ ምክንያት ሁለተኛ ሞተች፤ አንድ ጊዜ በጨዌ፣ አንድ ጊዜ በፍርሃቴ። እና ሽማግሌው! ሊያስጥሉኝ ብለው ነው ክፍላቸውን የለቀቁት። ማንን ነው ያስጣሉት? ልቡ ጥሩ የሆነ አንድ መሃይም ልጅን። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። የነበርኩት እኔ ነኝ።

ልነግራቸው ማዮ ሄድኩ። መንገድ ላይ ቃሉን እየደጋገምኩ፤ አውቄ ነው፣ አውቄ ነው፣ አውቄ ነው። ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋቸው። በጭቃ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ ከስተዋል፣ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ወረቀታቸው አልታደሰም፣ ካሻን ፈርተው ከሰፈር አይወጡም። አጠገባቸው በዘይት ጣሳ የሀጃ ሂቢስከስ፣ ያቺ ቆርጠው የወሰዷት፣ አብባለች። በዚያ አቧራ መሃል።

«ማነው? ቆለኛው ነህ?» አሉ። «ና፣ ቅረብ። ሂቢስከሷ አበበች?»

አፌን ከፈትኩ።

«ያቺን ወረቀት ማን አነበበልህ?»

«ራሴ አነበብኳት ጋሼ።»

«አንተ? ራስህ?» ጭኔን መቱኝ። «ኧረ ተው! ይቺ ምንድን ናት፣ በል?» ብለው በጣታቸው አቧራው ላይ «ሎሚ» ጻፉ። አነበብኩ። ይስቁ ጀመር፣ ከሚያየው ዓይናቸውም ከማያየውም እንባ ወረደ። የጎረቤት ሴትዮዋን ጠርተው፣ «ይኼ ልጅ ነው ያልኩሽ! አነበበ!» አሏት። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ጨዉን አጠብክላት?»

«አጠብኩላት።»

«ሰባት ቀን?»

«ሰባት ቀን።»

«ዳነች?»

«ዳነች ጋሼ። ሀጃ ጠዋት ጠዋት ትቆጥራለች።»

ከመጀመሪያው በደሌ ይህ ይከፋል እላለሁ። ያኛውን ስሠራ እሳቸውን እጠላቸው ነበር። ይህን ስዋሽ ግን እወዳቸው ነበር፣ ወድጄአቸውም ዋሸኋቸው። ደስታቸውን ላለማፍረስ ነው ብዬ ራሴን አባብያለሁ። ማን አመነኝ? እኔ እንኳ አላመንኩም። ያዳንኩት ደስታቸውን ሳይሆን ፊቴን ነው። «ልቡ ጥሩ» ያሉትን ሰው ፊት ለብሼ መቀመጥ ጣመኝ። ስነሳ ከጣሳዋ አንዲት ዝንጣፊ ቆርጠው ሰጡኝ። «አንዷ ብትታመም አንዷ ትኖርሃለች» አሉኝ።

ሀጃ ቤት ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። በሽግግሩ መጨረሻ፣ ወታደሮቹ ሁሉንም ለብቻቸው በያዙት ሰሞን፣ ዝንጣፊዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በመተማ በኩል አገሬ ገባሁ። ከዚያ ሱዳን ላይ ጦርነቱ መጣ። ማዮ ምን እንደሆነች አንተም ሰምተሃል። ጋሽ ይመር ስልክ አልነበራቸውም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ የእኔዋ እምቡጥ ያዘች። አንድ እምቡጥ፣ በአራት ዓመት። ጫፉ ቀላ። ሦስት ቀን እንደ ሕፃን ይዣት ገባሁ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሳወጣት ወደቀ። ጎረቤቴ አይቶ፣ «ብርዱ ነው ወንድሜ፣ ይኼ ቆላ መሰለህ?» አለኝ። እኔም፣ «አዎ፣ ብርዱ ነው» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ቤት ገብቼ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። አንተን ምን በደልኩህ? ይቅር ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ይቅር ያለኝ ላልሠራሁት ስህተት ነው። የሠራሁትን አልሰማም። ስለዚህ የምለምንህ ሌላ ነው። ከማዮ የወጣ፣ አንድ ዓይናቸው ሞራ የለበሰ፣ በጣሳ አበባ የሚያሳድጉ የወሎ ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው ካገኘህ ይህን አድርስልኝ፤

ጋሼ፣ አልዳነችም። ብርዱም አልነበረም። ሳሩ ጨው እንዳለው አውቅ ነበር።